ዓይን ራሱን አያይም

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። በመሥሪያ ቤታችን በተሰጠ ሥልጠና ላይ «የሰው እምነት፣ እሴትና የዕለት ውሳኔ የሚቀዳው ስለ ዓለም ካለው አመለካከት ነው» ተባልንና የራሳችንን እንድንጽፍ ታዘዝን። እኔ «ክርስቲያን ነኝ» ብዬ ጽፌ አበቃሁ። አሠልጣኙ «ይህ የሃይማኖትሽ ስም ነው እንጂ አመለካከትሽ አይደለም» ሲለኝ ተናደድሁ። ያመነ ሰው አመለካከቱ ያው ክርስቲያናዊ አይደለምን? ደግሞ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ እምነት የለንም ከሚሉት ባልደረቦቼ መካከል በሥራቸው ከእኔ ይልቅ ታማኝ የሆኑ አሉ። ይህስ እንዴት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል፤ አሠልጣኙ ግን እውነቱን ነው። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አላውቅም፤ እግዚአብሔር አንዳንድ ጊዜ ባልጠበቅነው አፍ ይናገረናል።

«የዓለም አመለካከት» የሚለው አነጋገር አዲስ ሊመስልሽ ይችላል። ርዕዮተ ዓለም የሚለውን ቃል ፖለቲከኞች ስለወሰዱት ያስፈራናል እንጂ ሥሩ «ርእየ» ነው፤ አየ ማለት ነው። ዓለምን የምናይበት ዓይን ነው። ጌታም ስለዚህ ዓይን ተናግሯል፦ «የሰውነት መብራት ዓይን ናት» (ማቴ. 6፥22)። ቀጥሎም «በአንተ ያለው ብርሃን ጨለማ ከሆነስ፥ ጨለማው እንዴት ይበረታ!» አለ። ይህ ቃል በጣም ያስደነግጠኛል። ጨለማ መሆኑን ያወቀ ሰው መብራት ይፈልጋል፤ ጨለማውን ብርሃን ነው ብሎ የያዘ ሰው ግን ምን ይፈልጋል?

ሊያማክሩኝ ከሚመጡ ምእመናን ዘንድ ደጋግሜ የማገኘው ስሕተት ይህ ነው፦ «ተጠምቄአለሁ፣ እጾማለሁ፣ እቆርባለሁ፤ ስለዚህ ነገርን ሁሉ የማየው እንደ ክርስቲያን ነው» ማለት። ነገሩ እንዲህ ቢቀል ኖሮ ሙሴ የከነዓንን ምድር እንዲሰልሉ የላካቸው አሥራ ሁለቱ ሰላዮች አንድ ዓይነት ወሬ ይዘው በተመለሱ ነበር።

የእነርሱን ነገር ረጋ ብለሽ ተመልከቺው (ዘኍ. 13 እና 14)። አሥራ ሁለቱም የየነገዳቸው አለቆች ናቸው። ሁሉም ባሕር ተከፍሎላቸው ተሻግረዋል፤ ሁሉም መና በልተዋል። ያችኑ ምድር 40 ቀን አብረው ዞሩ፤ ያንኑ ለሁለት በመሎጊያ የተሸከሙትን የወይን ዘለላ አዩ፤ እነዚያኑ ረጃጅም ሰዎች አዩ። ሲመለሱ ግን አሥሩ «እኛም በዓይናችን ግምት እንደ አንበጣዎች ነበርን» አሉ። ኢያሱና ካሌብ ስለ እነዚያው ሰዎች «እንደ እንጀራ ይሆኑልናል» አሉ። ልብ በዪ፤ ከአሥሩ አንዱም «አምላክ የለም» አላለም። በዚያች ዕለት ስለ እምነታቸው ብትጠይቂያቸው ካንቺም ከእኔም የተሻለ መልስ ይሰጡሽ ነበር። ነገር ግን የጠላትን ቁመትና የቅጥርን ጽናት ሲቆጥሩ እግዚአብሔርን በቁጥሩ ውስጥ አላገቡትም። አመለካከት የሚባለው ይህ ነው፤ ሒሳብ ስንሠራ ማንን እንደምንቆጥርና ማንን እንደምንተው።

አሥሩ «እኛ በዓይናቸው ዘንድ እንዲሁ ነበርን» ብለው ጨመሩ። ይህን ማን ነገራቸው? ረጃጅሞቹን ማንም አልጠየቃቸውም። የምድረ በዳው ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ያ ትውልድ በአሸዋው ላይ ከወደቀ በኋላ፣ ረዓብ በኢያሪኮ ለሌሎች ሰላዮች እውነቱን ተናገረች፤ የባሕሩን መከፈል ስንሰማ ልባችን ቀለጠ አለቻቸው (ኢያ. 2፥10-11)። ለካ የአገሩ ሰዎች ፈርተው ነበር! በአንድ የተሳሳተ እይታ ምክንያት አንድ ሙሉ ሕዝብ 40 ዓመት ተንከራተተ። ስለ ካሌብ ግን እግዚአብሔር «ሌላ መንፈስ ከእርሱ ጋር ስለ ሆነ» አለ። ሌላ ሃይማኖት ነበረው አላለም።

ስለዚህ አመለካከትሽ የሚታወቀው ጸሎተ ሃይማኖትን ስትደግሚ አይደለም። «ከሥራ የሚቀነሱ ሰዎች አሉ» የሚል ወሬ በሰማሽ ቅጽበት ነው። ባልደረባሽ ሲሾም ፊትሽ ላይ የሚመጣው ነገር ነው። ልጅ ካለሽ ዝቅተኛ ውጤት ይዞ ሲመጣ ከአፍሽ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ የሚስቅ ሰው ቀልድ ያወራ ይመስለዋል፤ ይህም ግን የሃይማኖት መግለጫ ነው። ሹመት አደራ ሳይሆን ማዕድ ነው፣ ከሹመት በኋላ የሚጠይቅ የለም የሚል እምነት አለበት። መዝሙረኛው «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» (መዝ. 13፥1) ሲል በአፉ አላለም፤ በልቡ ነው ያለው። አፉማ ምናልባት ሲዘምር ይሆናል።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። አንድ ጊዜ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ሳስተምር ሰነበትሁ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው «ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ማለታቸውን፣ ጌታም ያን አመለካከት ማፍረሱን በሰፊው ተናገርሁ። በዚያው ሳምንት አንድ የታመመ ሰው ልጠይቅ ሄጄ በሩን ሳንኳኳ በልቤ «ምን አድርጎ ይሆን?» አልሁ። ትምህርቱ በአፌ ነበረ፤ ዓይኔ ግን ገና የድሮው ነበር። እንዲህ የሚያይ ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ አያጽናናም፤ ይመረምራል። አይተሽ እንደሆነ አንዳንድ «ጠያቂ» ከሄደ በኋላ ሕመምተኛው ይብሳል።

ስለ ባልደረቦችሽ የጠየቅሽው አጭር መልስ አለው። ቅዱስ ጳውሎስ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ «በልባቸው የተጻፈውን የሕግ ሥራ ያሳያሉ» ይላል (ሮሜ 2፥15)። ታማኝነታቸው ከፈጣሪያቸው የተቀበሉት ነው፤ እነርሱ ባያውቁትም ሰጪው ያውቀዋል። አንቺ በዚህ እምነትሽን አትጠራጠሪ፤ ማፈር ግን ይገባል። እፍረቱ ወደ ሥራ ይምራሽ እንጂ እነርሱን ወደ መንቀፍ አይምራሽ፤ «ያለ እምነት ታማኝነት ምን ይጠቅማል» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ለራሳቸው ቸልተኝነት ሽፋን የሚፈልጉ ናቸው።

«ታዲያ ዓይኔን እንዴት ልለውጥ?» ብትዪኝ፣ ሐዋርያው «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ» አለ እንጂ በአንድ ቀን ተለወጡ አላለም (ሮሜ 12፥2)። ከመዝሙረኞቹ አንዱ አሳፍ በኃጢአተኞች ምቾት ቀንቶ እግሩ ሊሰናከል ደርሶ ነበር፤ «ወደ እግዚአብሔር መቅደስ እስክገባ» ይላል (መዝ. 72፥17)። ገብቶ ሲወጣ ባለጠጎቹ ያው ባለጠጎች ነበሩ፤ የተለወጠው የእርሱ እይታ ነው። እኛስ በቅዳሴ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» (ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ) ሲል «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» እንላለን፤ ልባችን በአምላካችን ዘንድ አለ ማለታችን ነው። ይህን ካልን በኋላ ልባችን የት እንደነበረ በእውነት ብንፈትሽ ብዙዎቻችን ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር።

የአሠልጣኙን ወረቀት አትጣዪው። «ክርስቲያን ነኝ» የሚለውን ከላይ ተዪውና ከሥሩ ለሰባት ቀን ማታ ማታ ጻፊ፤ ዛሬ ያስፈራኝ ምን ነበር? ያስቀናኝስ? ማንን ናቅሁ? ያን ጊዜ በልቤ ያልሁትስ ቃል በቃል ምን ነበር? አታሳምሪው። ሲያልቅ ለእኔ አትላኪው፤ ለንስሓ አባትሽ ይዘሽ ሂጂ። ሰባቱ ቀን አልቆ ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ግን ሌላ ሰባት ቀን ጨምሪበት።