ሌሊት ለሚወድቁ ቴስቶች የክራሽ ደምፕ ትንተናን አውቶማቲክ ማድረግ

ጥያቄ፦ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ሰርቨር አለን። በየሌሊቱ ወደ 600 የሚጠጉ ቴስቶች ኡቡንቱ ላይ በዶከር ኮንቴይነሮች ውስጥ ይሮጣሉ። ጠዋት ስንገባ ክራሽ ያደረጉትን (በስሕተት በድንገት የቆሙትን) አንድ በአንድ በጂዲቢ፣ ስሕተት በሚፈለግበት መሣሪያ፣ እየከፈትን እናያለን። ከግማሽ በላዩ ደምፕ (ፕሮግራሙ ሲሞት የሜሞሪው ቅጂ የሚጻፍበት ፋይል) የለውም፤ ያለውም ሲከፈት በፈንክሽን ስሞች ፋንታ የሚበዛው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ይህን ሥራ ስክሪፕት እንዲሠራልን ምን እናድርግ?

መልስ፦ ስክሪፕቱን ለጊዜው ተዉት። ጂዲቢን ከስክሪፕት መጥራት ቀላሉ ክፍል ነው። እናንተን ያስቸገራችሁ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ አንድም ደምፑ አለመጻፉ፣ አንድም የተጻፈው ከየትኛው ባይነሪ (ኮምፓይል ከተደረገ ፕሮግራም) እንደወጣ አለመታወቁ። እነዚህ ሳይስተካከሉ የሚጻፍ ስክሪፕት የጥያቄ ምልክቶቹን በፍጥነት ያመርትላችኋል እንጂ ሌላ አይፈይድም።

ደምፑ የት እንደሚጻፍ የሚወስነው ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ነው። መመሪያው «/ፕሮክ/ሲስ/ከርነል/ኮር_ፓተርን» በሚባለው ፋይል ውስጥ ያለች አንድ መስመር ናት። ይህች መስመር ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር ለብቻ የምትሰጥ አይደለችም፤ ሆስቱ (ኮንቴይነሮቹን የያዘው ማሽን) ላይ ያለችው ለሁሉም ትሠራለች። ኡቡንቱ ላይ ስትከፍቱት ብዙውን ጊዜ በፓይፕ ምልክት ጀምራ ወደ አፖርት (የኡቡንቱ የክራሽ መረጃ ሰብሳቢ) ስታመራ ታገኟታላችሁ። በፓይፕ የሚጠራ ተቀባይ ፕሮግራም የሚነሳው በሆስቱ በኩል ስለሆነ ቴስቱ የሮጠበትን ኮንቴይነር ብትበረብሩ ምንም አታገኙም። አፖርት ለተራ ተጠቃሚ ማሽን የታሰበ ነው፤ ለቴስት ማሽን ምክሬ ማጥፋት ነው። መስመሯን ብቻ ቀይራችሁ አገልግሎቱን ካልዘጋችሁት ግን ማሽኑ ዳግም ሲነሳ አፖርት የራሱን መልሶ ይጽፋል። ስለዚህ አገልግሎቱን ዲሴብል አድርጉና አዲሷን መስመር በሲስሲቲኤል (በከርነል ቅንብሮች) ማዋቀሪያ ፋይል አስቀምጧት።

አዲሷ መስመር በሙሉ ዱካ ትጻፍ፤ ለምሳሌ «/ኮርስ» በሚባል ፎልደር ሥር። ዱካ ካልሰጣችሁት ከርነሉ ደምፑን የሚጥለው ፕሮሰሱ በዚያች ሰዓት የነበረበት ፎልደር ውስጥ ነው፤ ቴስቱ ፎልደር የሚቀያይር ከሆነ ፍለጋው አያልቅም። በፋይሉ ስም ውስጥ የሆስት ስም፣ የፕሮሰስ ቁጥር፣ የሲግናል (ፕሮሰሱን የገደለው ምልክት) ቁጥርና ሰዓት ይግቡ፤ እያንዳንዱ በፐርሰንት ምልክትና በአንድ ፊደል ይወከላል። የፕሮሰስ ቁጥሩን ስታስገቡ ከፐርሰንት ምልክቱ ቀጥሎ ትልቁን ፒ ተጠቀሙ። ትንሹ ፒ የሚሰጣችሁ በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለውን ቁጥር ስለሆነ 7 ወይም 12 የሚባል ደምፕ ከአስር ኮንቴይነሮች ሊመጣና አንዱ በሌላው ላይ ሊጻፍ ይችላል። የሆስት ስም ደግሞ ሌላ ካልሰየማችሁት የኮንቴይነሩ መለያ ነው፤ ደምፑን ከቴስቱ ጋር የምታገናኙት በእሱ ነው። በፕሮግራሙ ስም ግን አትመኑ። ከርነሉ የሚይዘው 15 ፊደል ብቻ ነው፤ ክራሽ ያደረገው ትሬድ (በፕሮሰሱ ውስጥ ለብቻው የሚሮጥ ሥራ) የራሱ ስም ከተሰጠው ደግሞ የሚጻፈው የትሬዱ ስም ይሆናል።

በፋይል ዱካ የተሰጠ መስመር ዱካው የሚፈለገው ክራሽ ባደረገው ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ከርነሉ ፎልደር አይፈጥርም። ስለዚህ «/ኮርስ»ን በቮልዩም አያይዙት፣ ቴስቱ የሚሮጥበት ተጠቃሚ መጻፍ እንዲችል ፈቃዱን ስጡት፣ ኮንቴይነሩንም የኮር ወሰኑን (የደምፑን የመጠን ገደብ) -1፣ ማለትም ያለ ገደብ፣ አድርጋችሁ አስነሱት፤ ዶከር ላይ ይህ የሚሰጠው «ዩሊሚት» በሚባለው አማራጭ ነው። ወሰኑ ዜሮ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢስተካከልም አንድ ባይት አይጻፍም።

እስከዚህ አድርጋችሁም ደምፕ የማይገኝባቸው ይቀራሉ። የመውጫ ኮዱን ተመልከቱ። ሼል በሲግናል የሞተን ፕሮሰስ በሲግናሉ ቁጥር ላይ 128 ደምሮ ያሳያል፤ 139 ሴግፎልት (ያልተፈቀደ ሜሞሪ መንካት) ነው፣ 134 አቦርት (ፕሮግራሙ ራሱን ማቆሙ)፣ 136 የሒሳብ ስሕተት፣ 135 ባስ ኤረር። ራነራችሁ (ቴስቶቹን የሚያስሮጠው ፕሮግራም) በፓይተን የተጻፈ ከሆነ ያው ሴግፎልት -11 ሆኖ ይመጣል። 137 ግን ሲግኪል (በግድ መግደያው ሲግናል) ነው፤ ሲግኪል ደምፕ የለውም። ይህ ሲመጣ ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንደኛው ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ ራሱ መግደሉ ነው፤ ዶከር ኢንስፔክት «ኦኦኤምኪልድ» የሚል መስክ አለውና እሱን አንብቡ። ሁለተኛው፣ እኔ የበለጠ የምጠረጥረው፣ የራሳችሁ ራነር ነው፤ የተንጠለጠለን ቴስት ጊዜው ሲያልፍ በሲግኪል ይመታዋል። እንዲህ ሲሆን ዴድሎክ (ትሬዶች እርስ በርስ ሲጠባበቁ መቆም) የያዘው ቴስት ማስረጃውን ይዞ ይሞታል። መጀመሪያ ደምፕ የሚያስጽፈው ሲግአቦርት ይላክለት፣ ደምፑ ተጽፎ እስኪያልቅ ለምሳሌ 60 ሴኮንድ ይጠበቅ፣ ካልሞተ ብቻ ሲግኪል ይከተል። ሊኑክስ ላይ ያለው «ታይምአውት» ትእዛዝ ሲግናሉንም የጥበቃውን ጊዜም ይቀበላል። ጥበቃው ካጠረ ደምፑ እየተጻፈ ይቆረጣል፤ ጂዲቢም ፋይሉ ተቆርጧል ብሎ ያስጠነቅቃችኋል።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ሰርቨሩ በኮንቴይነሩ ውስጥ ፕሮሰስ ቁጥር 1 ሆኖ ከተነሳ፣ የራሱ ተቀባይ ካላበጀለት በስተቀር የላካችሁለትን ሲግአቦርት ከርነሉ ይጥለዋል። ኮንቴይነሩን «ኢኒት» በሚባለው አማራጭ አስነሱት፤ ቁጥር 1 ትንሽ አስነሺ ፕሮግራም ይሆንና ሰርቨሩ ከሥሩ ይሮጣል።

አሁን ወደ ጥያቄ ምልክቶቹ። የሚመጡት ጂዲቢ ሲምቦል (የፈንክሽን ስሞች መረጃ) ሲያጣ ወይም የተሳሳተ ባይነሪ ሲሰጠው ነው። የተሳሳተው ይብሳል፤ የሚያምር ግን ውሸት የሆነ ስታክ (የፈንክሽን ጥሪዎች ቅደም ተከተል) ያሳያችኋል። ቢልዱን በ«-ጂ» ኮምፓይል አድርጉ፤ ከ«-ኦ2» ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ፍጥነት አይቀንስም። ሊንከሩ ቢልድ አይዲ (የባይነሪውን ልዩ መለያ) እንዲያትም አድርጉ። ከዚያ በኦብጅኮፒ የዲበግ መረጃውን ለብቻው አውጥታችሁ ባይነሪውን ስትሪፕ አድርጉት (መረጃውን ከውስጡ አስወግዱ)። የወጣውን ፋይል በቢልድ አይዲው አስቀምጡት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት የፎልደር ስም፣ የቀሩት የፋይል ስም ይሆናሉ። ጂዲቢ የዲበግ ፎልደሩ ከተነገረው በዚህ አደራደር ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ደምፑ ውስጥ የትኞቹ ቢልድ አይዲዎች እንዳሉ ለማየት «ኢዩ-አንስትሪፕ» የሚባለውን ከኤልፍዩቲልስ ጥቅል ተጠቀሙ፤ ባይነሪውንም ላይብረሪዎቹንም ይዘረዝራል። ስክሪፕታችሁ መጀመሪያ ይህን ያወዳድር፤ ቢልድ አይዲው ካልገጠመ ትንተናውን ያቁምና «ባይነሪው አልተገኘም» ብሎ ይመዝግብ።

ላይብረሪዎቹም ያው መሆን አለባቸው። ሆስቱ ላይ ያለው ጂሊብሲ (የሲ መሠረታዊ ላይብረሪ) ኮንቴይነሩ ውስጥ ካለው ከተለየ የስታኩ የላይኛው ክፍል ይበላሻል። ቀላሉ መፍትሔ ጂዲቢን ቴስቱ በሮጠበት በዚያው ኢሜጅ ውስጥ ማስነሳት ነው። ደምፕ ለማንበብ የፒትሬስ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ያ የሚያስፈልገው ሕያው ፕሮሰስ ላይ ለመያያዝ ነው።

ይህ ካለቀ ስክሪፕቱ አጭር ነው። ጂዲቢን በባች ሁነታ፣ የግል ማዋቀሪያ ፋይሎችን እንዳያነብ አድርጋችሁ፣ በ120 ሴኮንድ ታይምአውት ውስጥ አስነሱት። የሚታተመውን ጽሑፍ በሬጀክስ (በጽሑፍ መፈለጊያ ቅጦች) ለመቆራረጥ አትሞክሩ፤ የቴምፕሌት ስሞች መስመር ሲዘልቁ ይበጣጠስባችኋል። ጂዲቢ ውስጡ ፓይተን አለው። ከአዲሱ ፍሬም (በስታኩ ላይ ያለ አንድ የፈንክሽን ጥሪ) ጀምራችሁ ወደ አሮጌው እየተራመዳችሁ ስሙን፣ ፋይሉን፣ መስመሩንና ሞጁሉን ወደ ጄሰን ጻፉ። ክራሽ ያደረገው ትሬድ ሊኑክስ ላይ ደምፑ ውስጥ ቀድሞ ስለሚጻፍ ጂዲቢ ቁጥር 1 ይለዋል። ለእሱ 64 ፍሬም፣ ለቀሩት ትሬዶች 30 ፍሬም ይበቃል። ወሰን ካላደረጋችሁ ማብቂያ የሌለው ሪከርሽን (ፈንክሽን ራሱን መጥራቱ) በአስር ሺዎች የሚቆጠር ፍሬም ያትማል። በተጨማሪ ሬጅስተሮቹን፣ ፕሮግራም ካውንተሩ ካለበት ጀምሮ 6 ኢንስትራክሽን፣ እንዲሁም ከሲግኢንፎ (ከሲግናሉ ዝርዝር መረጃ) የተነካውን አድራሻና ኮዱን ያዙ።

በአድራሻው ብቻ ብዙ ነገር መመደብ ይቻላል። ከ4096 በታች ከሆነ በአብዛኛው የነል ፖይንተር (ወደ የትም የማያመላክት ፖይንተር) ጉዳይ ነው፤ 24 ቢል ለምሳሌ በነል ነገር ላይ 24ኛው ባይት ላይ ያለ መስክ ተነክቷል ማለት ነው። ለስታክ ፖይንተሩ በጣም ቀርቦ ከተገኘ ስታኩ ሞልቷል። ዜሮ ሲሆን ግን ቶሎ «ነል» አትበሉ። ኤክስ86-64 ላይ ፖይንተሩ በቆሻሻ ተሞልቶ ሊኖር የማይችል አድራሻ ሲይዝ ፕሮሰሰሩ አድራሻውን አይነግርም፤ ሲግኢንፎ ውስጥ ዜሮ ይገባል፣ ኮዱም 128 ይሆናል። ይህን የማይለይ ስክሪፕት የተበላሸ ሜሞሪን ሁሉ ነል ፖይንተር እያለ ሰዉን ወደተሳሳተ ቦታ ይልካል።

የሰውን ጠዋት የሚያተርፈው ግን ማቧደኑ ነው፤ አርባ ክራሽ ሦስት ባግ ሊሆን ይችላልና። ለእያንዳንዱ ደምፕ ፊርማ ይሠራል፦ የላይኞቹ ፍሬሞች ስም ተቀጣጥሎ ሃሽ ይደረጋል (ወደ አንድ አጭር ኮድ ይለወጣል)። አድራሻና የመስመር ቁጥር አይግቡበት፤ አንድ ሰው ከላይ ኮሜንት በጨመረ ቁጥር ፊርማው ይቀየራል። የማይጠቅሙ ፍሬሞችም ይዘለሉ። ከአንድ ደምፕ የወጣ ስታክ ይኸው፤ ከላይ ወደታች፦ ፒትሬድ_ኪል_ኢምፕሊመንቴሽን፣ ሬይዝ፣ አቦርት፣ ሊብሲ_ሜሴጅ፣ ማሎክ_ፕሪንትኧር፣ ኢንት_ፍሪ፣ ፍሪ፣ የሴሽን ዲስትራክተር፣ ክሎዝ_ኮኔክሽን፣ ኢቨንት_ሉፕ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት የጂሊብሲ ናቸው፤ በማንኛውም ደብል ፍሪ (አንድን ሜሞሪ ሁለት ጊዜ መልቀቅ) ላይ ይደገማሉ። እነሱን ብትይዙ ዝምድና የሌላቸው ባጎች አንድ ቡድን ይሆናሉ። የሚዘለሉትን ስሞች በፋይል አስቀምጡና ከዚያ በታች ያሉትን ሦስት ፍሬሞች ውሰዱ፤ እዚህ ፊርማው የሴሽን ዲስትራክተር፣ ክሎዝ_ኮኔክሽን፣ ኢቨንት_ሉፕ ይሆናል። አምስት ፍሬም ስትወስዱ አንድ ባግ ይበታተናል፤ አንድ ብቻ ስትወስዱ የተለያዩት ይደባለቃሉ። በሦስት ጀምሩ። ስም የሌለው ፍሬም ሲያጋጥም በጥያቄ ምልክቱ ፋንታ የሞጁሉን ስምና በሞጁሉ ውስጥ ያለውን ርቀት አስገቡ።

ሂፕ (ፕሮግራሙ እየሮጠ የሚመደብለት ሜሞሪ) ሲበላሽ ይህ ሁሉ ይከሽፋል። ሜሞሪውን ያበላሸው ኮድ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፤ ክራሽ የሚያደርገው በኋላ ማሎክን (ሜሞሪ መዳቢውን) የነካ ንጹሕ ኮድ ነው። ስለዚህ አንድ ባግ በየሌሊቱ በአዲስ ፊርማ ይመጣል። ስታኩ ውስጥ ማሎክ_ፕሪንትኧር ካለ ስክሪፕቱ «የሂፕ ብልሽት» ብሎ ለብቻው ይመድበው፤ ያንኑ ቴስት በአድሬስ ሳኒታይዘር (የሜሞሪ ስሕተት መርማሪ) በተሠራ ቢልድ ራሱ ደግሞ ያስሮጠው። ሳኒታይዘሩ መጀመሪያ የተበላሸበትንና የተመደበበትን፣ ሜሞሪው ተለቅቆ ከነበረም የተለቀቀበትን ስታክ ያትማል። እዚያ ላይ ደምፕም ከፈለጋችሁ ልብ በሉ፦ በ64 ቢት ማሽን ሳኒታይዘሩ ደምፕን በነባሪነት ይዘጋል፣ ስሕተት ሲያገኝም አቦርት ሳያደርግ ይወጣል። በአማራጮቹ «ዲሴብል_ኮርደምፕ»ን 0፣ «አቦርት_ኦን_ኤረር»ን 1 አድርጉ። እኔ ግን የታተመው ሪፖርት ይበቃል ባይ ነኝ።

ማከማቻን በሚመለከት ለእያንዳንዱ ፊርማ አንድ ሙሉ ደምፕ፣ ለቀሩት ጄሰኑን ብቻ አቆዩ። በዚስታንዳርድ ጨምቁት። ደምፕ ውስጥ ፓስወርድም፣ ቶከንም፣ የደንበኛ መረጃም በግልጽ ይገኛል፤ ፎልደሩን ለሁሉም ክፍት አታድርጉት፣ ከቴስት ሪፖርቱ ጋርም አታያይዙት። በጄዩኒት (በቴስት ውጤት) ሪፖርቱ ላይ የወደቀው ቴስት ሥር የሚገባው ፊርማው፣ ምድቡና ክራሽ ያደረገው ትሬድ የላይኞቹ አስር ፍሬሞች ናቸው። ፊርማው አዲስ ከሆነ «አዲስ» ይበል፤ ጠዋት መጀመሪያ የሚነበቡት እነዚህ ናቸው።

በመጨረሻ ቴስቶቹ ላይ ሆን ብለው ክራሽ የሚያደርጉ ሦስት ትንንሽ ፕሮግራሞች ጨምሩ፦ አንዱ ነል ፖይንተር የሚነካ፣ አንዱ አቦርት የሚጠራ፣ አንዱ ራሱን ያለማቋረጥ የሚጠራ። በየሌሊቱ በቅድሚያ ይሩጡ። ከሦስቱ የአንዱ ፊርማ ከጠፋ ወይም ምድቡ ከተሳሳተ ራነሩ የቀረውን ሳይጀምር ያቁም፤ አንድ ሰው ከርነል አሻሽሎ አፖርትን መልሶ ያስነሳው ሊሆን ይችላል፣ ወይም «/ኮርስ» ሞልቷል።