የመዳብ ድስትሽን ለኤሌክትሪክ በያጅ አትስጪ

የአያትሽ የመዳብ ድስት ሥሩ ላይ ላብ ላብ እያለው እሳት እንደሚያጠፋብሽ ጽፈሽ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ማን ጋ ብታስበይጂው እንደሚሻል ጠይቀሻል። አብሽሪ፣ የኔ እህት። እኔም ደሴ ሆኜ በዚሁ ጣጣ አልፌያለሁ። እኔ ባስበየድሁበት መንገድ ብቻ አታስበይጂው።

የእኛ ድስት የንፍሮ ድስት ነው። እናቴ ሥጋ አስገብታበት አታውቅም። ስንዴና ባቄላ ብቻ ስለሚቀቀልበት እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ይዋሰው ነበር፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሰደቃም ለሰልስትም የዋለበት ጊዜ አለ። መፍሰስ የጀመረውም ሰው ቤት ለቅሶ ላይ ነው። ሴቶቹ እሳቱ እየጠፋ ሲያስቸግራቸው እርጥብ እንጨት አመጣህ ብለው አንዱን ልጅ ሲቆጡት አረፈዱ። እንጨቱ ግን ደረቅ ነበር።

1. ቀዳዳውን በዓይንሽ ሳታዪ ለማንም አትስጪ። ጥቀርሻውን በአመድ፣ አረንጓዴውን ዝገት በሎሚና በጨው ፈግፍጊው። ከዚያ ማታ መብራት አጥፊና ድስቱን ደፍተሽ ከውስጡ የእጅ ባትሪ አብሪበት። እኔ አንድ ቀዳዳ መስሎኝ ሰባት ቆጠርሁ፤ የመርፌ ጫፍ የማያክሉ፣ ሁሉም ሥሩ ከጎኑ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ። እያንዳንዱን በጠመኔ ክበቢው።

2. ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚሸጠውን ሁለት ቱቦ ማጣበቂያ አትሞክሪ። ውሃ ሲሞላበት ይይዛል፤ እሳት ሲነካው ግን ይነሣል፣ ንፍሮውም ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል። ለምግብ ዕቃ የተሠራም አይደለም።

3. በያጅ። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልሁት። በርና መስኮት ለሚሠራ አንድ ወጣት ወሰድሁለት። «መዳብ ትችላለህ?» አልሁት፤ «ብረት አይደል እንዴ» አለኝ። እዚያው ድስቴን ይዤ መመለስ ነበረብኝ። ኤሌክትሮዱን ሲያስነካው አልይዝ አለው፤ መዳብ ሙቀቱን አንድ ቦታ አያቆየውም፣ ወደ ሌላው አካሉ ይበትነዋል። እሱም ኃይሉን ጨመረ። አሁንም አልያዘም። ደግሞ ጨመረ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ቧ ብሎ ወረደ። በዘመን ብዛት እንደ ወረቀት የሳሳ ሥር ነው፣ ምን ይችላል? የመርፌ ጫፍ የነበረው ቀዳዳ የአንድ ብር ሳንቲም አከለ፤ በውስጡ የራሴን ጫማ አየሁ። ልጁ ኤሌክትሮድ ፈጅቻለሁ ብሎ 300 ብር ጠየቀኝ። ከፈልሁት። ከቀዳዳው ይልቅ ዛሬም የሚቆጨኝ መክፈሌ ነው።

ቀጥሎ በጋዝ የሚበይድ መሣሪያ አለ ብለው ወደ አንድ ማሠልጠኛ ላኩኝ። አስተማሪው ድስቱን ሳያይ ወደ ጽሕፈት ቤት መራኝ። ጽሕፈት ቤት ያለው ሰው ደግሞ ከስልኩ ቀና ሳይል «የድጋፍ ደብዳቤ ከቀበሌ» አለኝ። ለድስት! ቀበሌ ሄጄ ብናገር የደብዳቤ ጸሐፊዋ ሳቀች፤ ፍርዷ ትክክል ነበር። ስመለስ ያው ሰውዬ «እማማ፣ አዲስ የአሉሚኒየም ድስት ቢገዙ አይሻልም?» አለኝ። የኔ ልጅ፣ ጠጋኝ ብዬ መጣሁ እንጂ ምከረኝ አላልሁህም።

4. ባቲ ሂጂ፤ ካንቺ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገበያው ሰኞ ነው፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ድረሺ። እኔ ከገበያው ዳር ጌጥ የሚያቀልጡና ናስ የሚቀጠቅጡ አንድ አዛውንት አገኘሁ። እርሳቸው ድስቱን ተቀብለው በመጀመሪያ በጣታቸው አንኳኩ፤ እንደ ሐኪም። «ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ። አፈርሁ።

ውስጡን የለበጠውን አሮጌ ቆርቆሮ (የጣራውን ቆርቆሮ አይደለም፣ ቲን የሚባለውን ነጭ ለስላሳ ብረት ነው) አሙቀው በጨርቅ ጠረጉት። ከዚያ ሥሩን ከሰል ላይ ፍም እስኪመስል አቅልተው ውሃ ውስጥ ነከሩት። እኔ ደነገጥሁ፤ ብረት ቀልቶ ውሃ ሲገባ ይጠነክራል ብዬ። መዳብ እንደዚያ አይደለም፣ አንዴ ከቀላ ውሃ ቢነካውም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ሳይለሰልስ ከተቀጠቀጠ ይሰነጠቃል። ለትንንሾቹ ቀዳዳዎች ከኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ቆርጠው፣ ቀዳዳውን በመጠኑ አስፍተው አሳለፉና ከታች ድንጋይ ደግፈው ከሁለቱም በኩል ቀጠቀጡት። ቁልፍ የመሰለ ራስ አወጣ። ለበያጁ ሥራ ደግሞ ክብ የመዳብ ልጥፍ ቆርጠው ዙሪያውን በዚያው ሽቦ ቸነከሩት።

የሚያምረው የመጨረሻው ነው። ድስቱን አግለው ነጭ ጭስ የሚያወጣ ዱቄት ነሰነሱበት፣ ቆርቆሮ አስነኩት፣ ጥጥ ጠቅልለው በክብ በክብ ሲያሹት ያ የጠቆረ ውስጥ እንደ መስታወት አበራ። ቆርቆሮው በሽቦው ዙሪያ የቀረውን ስንጥቅ ሁሉ ጠጥቶ ዘጋው። ሽፋኑ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ኮምጣጣ ምግብ ራቁቱን መዳብ ያሟሟዋል።

ታዲያ ቆርቆሮውን እይው። የራዲዮ ጠጋኞች የሚበይዱበት ሽቦ ብዙውን ጊዜ እርሳስ አለበት፤ የእኅቴ ልጅ በእሱ ልጠግንልሽ ሲል ነበር፣ ከልክዬዋለሁ። እርሳስ የበዛበት ከሆነ ስሙን አያስዋሽም፣ ወረቀት ላይ ስታሺው ይጽፋል። ባይጽፍም ግን ነጻ ነው ብለሽ አትመኚ። ንጹሕ ቆርቆሮ ጆሮሽ አጠገብ ሲታጠፍ ጭርር ይላል፤ እኒያ አዛውንት ሳልጠይቃቸው አጥፈው አሰሙኝ።

ድስቱ ይኸው ሁለት ክረምት አለፈው፣ ጠብ አላለም። ባዶውን ብቻ እሳት ላይ አትጣጂው። ቆርቆሮ የሚቀልጠው በ232 ዲግሪ ነው፤ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ገደማ ስለሆነ ውሃ እስካለበት ድረስ ምንም አይሆንም። ውሃው አልቆ ከተረሳ ግን ሽፋኑ ሥሩ ላይ ተንከባሎ ይጠራቀማል። የድሮው ሽፋን መጀመሪያ የቀጠነውም እንዲሁ የተረሳ ቀን ይመስለኛል፤ ማን እንደረሳው አውቃለሁ፣ እኅቴ ስለምታነበው አልናገርም።

የመዳብ ሽቦውን ራስሽ ይዘሽ ሂጂ፣ አንድ ክንድ ይበቃል። እኔ ባዶ እጄን ሄጄ ስለነበር ድስቱን እዚያው ትቼ ለቀጣዩ ሰኞ ተመልሻለሁ።