ተጫዋች ይከሽፋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዋሽንግተንን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እደግፋለሁ። ቡድኑ በ2020 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየዙሩ ተራ በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) 2ኛ ተመራጭ አድርጎ ስለወሰደው ስለ ቼስ ያንግ ስናወራ «ያ ተከላካይ ከሽፏል» አልኩ። ጓደኛዬ «የሚከሽፍ ጥይት ነው እንጂ ሰው ይከሽፋል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ትንሽ አጥብቀዋል። ሴራ ይከሽፋል፤ ዕቅድም መፈንቅለ መንግሥትም ይከሽፋል። አሁን አሁን ሰውንም ሲጨምሩበት እሰማለሁ፤ እኔ አልቆጣም። ግሱ ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ነገሩ ከመነሻው ሳይሠራ መቅረት አለበት። ተተኩሶ ዒላማውን የሳተ ጥይት ሳተ ይባላል እንጂ ከሸፈ አይባልም።

ያንግ ደግሞ ሠርቶ አሳይቷል። በመጀመሪያ ዓመቱ 7.5 ሳክ አስመዘገበ። ሳክ ማለት ኳርተርባኩን፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራውን ኳስ ወርዋሪ፣ ኳሱን ሳይወረውር መጣል ነው፤ ሁለት ሰው አብሮ ከጣለው ለእያንዳንዱ ግማሽ ይያዝለታል። ያን ዓመት በመከላከል በኩል የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በ2021 ኖቬምበር የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በ2022 የተሰለፈው 3 ጨዋታ ብቻ ነው። በ2023 ኦክቶበር ቡድኑ በአንድ የ3ኛ ዙር ምርጫ ለውጦ ለሳን ፍራንሲስኮ ሰጠው። በኋላም ኒው ኦርሊንስ ገባ። ለእንዲህ ያለ ሰው «ዋሽንግተን ላይ አልዘለቀም» ቢሉ ይሻላል። መጀመሩንም መቋረጡንም አንድ ላይ ይናገራል፤ ሌላ ቦታ የሚሠራውንም አይዘጋበትም።

እርስዎን ያናደደዎት ግን ተጫዋቹ ሳይሆን ቡድኑ ይመስለኛል። እንግዲያው የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ይቀይሩ፦ «ምርጫው አላዋጣም»። ከሁሉም 2ኛ የሆነውን ምርጫ ከፍሎ የ3ኛ ዙር ምርጫ መቀበል ኪሳራ ነው። ኳርተርባኩ ጀስቲን ኸርበርት በ6ኛ ደረጃ የተወሰደው በዚያው ድራፍት መሆኑን ሲጨምሩበት ደግሞ ሒሳቡ ይብሳል። ሰውዬው ሳይሰደብ መራጮቹ ይወቀሳሉ።

ተቃራኒውም አለ። ሂውስተን በ2006 ማሪዮ ዊሊያምስን 1ኛ አድርጎ ሲወስድ ብዙ ደጋፊ የጠበቀው ሬጂ ቡሽን ወይም የከተማውን ልጅ ቪንስ ያንግን ነበር። ዊሊያምስ በመጀመሪያ ዓመቱ 4.5 ሳክ ብቻ ሲያገኝ ወቀሳው ባሰ። በ2ኛው ዓመት 14 አገኘ። እዚህ ላይ «ሳይታይ ተፈረደበት» ጥሩ አማርኛ ነው። «በት» ሥራውን ትሠራለች፤ በ«ለት» ብትተካ ፍርዱ ይገለበጣል።

«ተከላካይ» ያሉትን ግን አልወደድኩትም። እዚህ ኢትዮጵያ ተከላካይ ሲባል ከግብ ጠባቂው ፊት የቆመ ሰው ነው የሚታየን። ቼስ ያንግ ግን የሚሰለፈው ከፊት ነው፤ ሥራውም ሰብሮ ገብቶ ኳርተርባኩን መጣል ነው። «ዲፌንሲቭ ኤንድ» ብለው ይተዉት፤ ወይም «የመከላከል መስመር ተጫዋች» ይበሉ።

ድራፍትም እንዳለ ይሁን። አዲስ አበባ ደውለው «ቡድኔን ድራፍት አከሰረው» ሲሉ ብቻ ይጠንቀቁ፤ እዚህ ድራፍት በብርጭቆ ነው የሚቀዳው።