ከኋላ የበቀለው መንጋጋ

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ከኋላ አዲስ መንጋጋ አብቅላለች፤ ላዩ ላይ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ጎረቤቶቼ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» አሉኝ። ልተወው?
እናት፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን

መልስ፦ እባክዎ አይተዉት፤ ያ ጥርስ አይወልቅም! ከ20ዎቹ የወተት ጥርሶች ጀርባ፣ በ6 ዓመት ገደማ ብቅ የሚለው መንጋጋ የዕድሜ ልክ ነው። ምንም ጥርስ ሳይነቀል ስለሚበቅል ብዙ እናቶች ይሳሳታሉ። ላዩ ስርጉድ ስርጉድ ያለ ነው፤ ሐላዋ ከገባበት ተጣብቆ ይውላል፣ ባክቴሪያ ስኳሩን ወደ አሲድ ለውጦ ጥርሱን ይቦረቡረዋል። በዚህ ሳምንት ለጥርስ ሐኪም ያሳዩላት፤ ቀዳዳ ከሆነ ትንሽ ሳለ ይሞላል። ማታ እርስዎ ራስዎ ይቦርሹላት፤ አተር የምታህል ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ትበቃለች። መንጋጋው ገና ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብሩሹን በጉንጯ በኩል አግድም ያስገቡት። መፋቂያ ለፊት ጥርስ ደግ ነው፣ እዚያ ጥግ ግን አይደርስላትም።