የቆመው ሴሉ ነው ወይስ ንባቡ?

ጥያቄ፦ «የሰው የመቅኔ ስቴም ሴል በፒኤልጂኤ (ቀስ በቀስ በሚበሰብስ ፖሊመር) ስካፎልድ፣ ማለትም ሴል በሚያድግበት ባለ ቀዳዳ ማዕቀፍ ላይ አሳድጋለሁ። በየሦስት ቀኑ አላማርብሉ (የሴልን ሕያውነት የሚያሳይ ቀለም) ጨምሬ፣ 4 ሰዓት አቆይቼ እለካለሁ። እስከ 7ኛው ቀን ንባቡ ይጨምራል፤ ከ10ኛው ጀምሮ ይወርዳል። በማይክሮስኮፕ ሳየው ግን ስካፎልዱ በሴል ተሸፍኗል። እየሞቱብኝ ነው?»

መልስ፦ ሞቱ ለማለት ገና ነው። መጀመሪያ የዌሉን (ስካፎልዱ ያለበትን የፕሌት ጉድጓድ) ቀለም ይዩ። አላማርብሉ ውስጥ ያለው ሬሳዙሪን ሰማያዊ ነው፤ ሕያው ሴል ወደ ሮዝና አብሪ ሬሶሩፊን ይለውጠዋል። ሴል ሲበዛና ሰዓቱ ሲረዝም ግን ነገሩ እዚያ አይቆምም፤ ሬሶሩፊኑ ራሱ ቀለምም ብርሃንም ወደሌለው ውህድ ይሻገራል። ያኔ ብዙ ሴል ያለበት ዌል ጥቂት ካለበት ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። ሮዙ ፈዝዞ ካገኙት ሌላ ምክንያት ከመፈለግዎ በፊት ይህን ያጣሩ።

በ10ኛው ቀን ከአንድ ዌል በ30 ደቂቃ፣ በ1፣ በ2 እና በ4 ሰዓት 100 ማይክሮሊትር እየቀዱ ወዲያው በጥቁር ፕሌት ያንብቡ፤ 560 ማብሪያ፣ 590 ናኖሜትር ንባብ። ቁጥሩ ወጥቶ ከተመለሰ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። ገና ቀጥ ብሎ በሚወጣበት ክፍል ውስጥ ያለ ሰዓት ይምረጡና ከ1ኛው ቀን እስከ መጨረሻው በዚያው ይጽኑ። በጣም ማሳጠርም አይሆንም፤ ቀለሙ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። በቀስታ የሚያወዛውዝ ሼከር ይረዳል፤ ከመቅዳትዎ በፊትም ፈሳሹን በፒፔት ያደባልቁ።

ሚዲየሙ (ሴሉን የሚመግበው ፈሳሽ) ቢጫ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ፒኤልጂኤ ሲበሰብስ ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ ይለቃል፤ በአሲድ ውስጥ ደግሞ የሬሶሩፊን ብርሃን ይደክማል። ስለዚህ በመለኪያው ቀን አሮጌውን ሚዲየም ያስወግዱ፣ 10 በመቶ አላማርብሉ ያለበት አዲስ ሚዲየም ይጨምሩ። ባዶ ማነጻጸሪያዎ ሴል ሳይኖረው ለእኩል ቀናት ሚዲየም ውስጥ የቆየ ስካፎልድ ይሁን እንጂ ከማሸጊያው የወጣ ደረቅ አይሁን።

ስካፎልዱንም ሳይለኩ በፊት በወረንጦ ወደ አዲስ ዌል ያዛውሩት። ሲዘሩ ሾልከው የዌሉ ወለል ላይ የተጣበቁ ሴሎች አብረው ይቆጠራሉና፤ ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

አላማርብሉ የሚለካው የሴሉን ሥራ እንጂ ብዛቱን አይደለም። ለብዛት በ1ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ሦስት ሦስት ስካፎልድ ያውጡ፣ በፒቢኤስ (የጨው ማጠቢያ ፈሳሽ) ሁለቴ አጥበው በ−80 ዲግሪ ያቆዩ፣ ፕሮቲን በሚፈጨው ኢንዛይም በፓፓይን በ60 ዲግሪ አሳድረው ዲኤንኤውን በፒኮግሪን (ከዲኤንኤ ጋር ሲጣበቅ የሚያበራ ቀለም) ይለኩ። አንድ የሰው ሴል 6.6 ፒኮግራም ገደማ ይይዛል፤ 660 ናኖግራም ካገኙ 100,000 ሴል ማለት ነው። የስታንዳርድ ከርቩን (መጠኑ በታወቀ ዲኤንኤ የሚሠራውን ማነጻጸሪያ መስመር) በዚያው የፓፓይን በፈር ይሥሩ። ባዶ ስካፎልድ ላይም የታወቀ ዲኤንኤ ጨምረው ስንቱ እንደሚመለስ ይዩ፤ በተለይ ሃይድሮክሲአፓታይት (የአጥንት ማዕድን) የተቀላቀለበት ከሆነ ዲኤንኤውን ይዞ ያስቀራል። ወደ ኤምቲቲ (በሕያው ሴል ውስጥ ወደ ክሪስታል የሚለወጥ ሌላ የመለኪያ ቀለም) አይዙሩ፤ ክሪስታሉ ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል፣ ሴሉንም ይገድላል።

በማይክሮስኮፕ ያዩት ሽፋን የላዩን ብቻ ይነግርዎታል። አንዱን ስካፎልድ በአዲስ ምላጭ መሃሉን ይሰንጥቁና (የደነዘ ምላጭ ቀዳዳዎቹን ይደፍጥጣል) ቁራጩን በካልሲን ኤኤም 2 (ሕያው ሴልን አረንጓዴ ያደርጋል) እና በኢቲዲየም ሆሞዳይመር 4 ማይክሮሞላር (የሞተውን ቀይ ያደርጋል) ለ30 ደቂቃ ይቅለሙ። ዳሩ አረንጓዴ፣ መሃሉ ቀይ ወይም ባዶ ከሆነ ኦክስጅን ወደ ውስጥ አልደረሰም፤ ቀጭን ስካፎልድ ወይም ሚዲየም የሚያዘዋውር ባዮሪአክተር ያስፈልግዎታል።