ለ0.8 ሚሊ ላሜራ «300 አምፔር» ምን ያደርግልሃል?

ጥያቄህን ላሳጥረው፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ግቢህ ውስጥ አሮጌ ኮሮላ ቆማለች፤ የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ተበስቷል፣ በሾፌሩ እግር በኩል ወለሏን ዝገት በልቶታል። ታይዋን ገበያ ሦስት የብየዳ ማሽን አይተሃል፦ እዚሁ አገር የተጠቀለለ ትራንስፎርመር፣ «300» የተጻፈበት ትንሽዬ ኢንቨርተር (በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ የኤሌክትሮድ ማሽን)፣ ያለ ጋዝ የሚሠራ ሚግ (በኤሌክትሮድ ፈንታ ሽቦ በራሱ እየገፋ የሚበይድ)። የቱን ልግዛ ነው ያልከው።

ትራንስፎርመሩን ተወው። ዕድሜው ረጅም ነው፣ ለበርና ለመስኮት ቱቦላሬ ይሆናል፤ ግን ከባድ ነው፣ ሲነሳ ብሬከር ይጥላል፣ አምፔሩ ዝቅ ሲል ደግሞ በቀጭን ኤሌክትሮድ እሳቱ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። የመኪና ላሜራ የሚፈልገው ዝቅ ያለውንና የማይዋዥቀውን አምፔር ነው።

ኢንቨርተሩ ላይ ፊት ለፊት የተለጠፈውን ቁጥር አትመን፣ ማሽኑን አዙረህ ከኋላ ያለውን ሰሌዳ አንብብ። ከመስመር የሚስበው ከፍተኛ ጅረት 22 አምፔር ይላል እንበል። 22 በ220 ሲባዛ 4,840 ነው፤ ከግድግዳው ሊገባ የሚችለው ይኸው ነው። በ300 አምፔር ለመበየድ ደግሞ 32 ቮልት ያስፈልጋል፣ ይህም 9,600 ዋት ነው። አቦ፣ ከገባው እጥፍ የሚያወጣ ማሽን የለም! የዚህ ዓይነቱ ማሽን እውነተኛ አቅም ከ110 እስከ 120 አምፔር አካባቢ ነው። ለአንተ ሥራ በቂ ነው፤ ብቻ ለ300 እንዳትከፍል።

ሌላው ሰሌዳው ላይ ያለው «ኤክስ» የሚለው መስመር ነው። 60% ከ100 አምፔር ጎን ከተጻፈ፣ በ100 አምፔር ከአሥር ደቂቃ ስድስቱን ትሠራለህ፣ አራቱን ታሳርፈዋለህ ማለት ነው። ይህ ልኬት በ40 ዲግሪ ሙቀት ከተወሰደ ለድሬ ይሆናል። አንዳንድ ርካሽ ማሽኖች የሚለኩት ግን በ20 ወይም በ25 ዲግሪ ነው፤ በግንቦት እኩለ ቀን ያንን መጠበቅ ዘበት ነው። ማሽኑ ግሎ ቢጫው መብራት ሲበራ አታጥፋው፣ ማራገቢያው እየዞረ ያብርደው።

ሱቁ ውስጥ የምትፈትነው እንዲህ ነው፦ 3.2 ሚሊ 6013 ኤሌክትሮድ፣ 110 አምፔር፣ ወፍራም ብረት ላይ ሁለት ዘንግ ሳታቋርጥ አቃጥል። ኤሌክትሮዱ ከተጣበቀ፣ እሳቱ ከደከመ ወይም ሁለተኛው ሳያልቅ ማሽኑ ከቆመ፣ ተወው። ዲሲ የሚለካ ክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ አምፔር የሚያነብ መለኪያ) ይዘህ ከሄድክ ሻጩ ራሱ ዋጋ ይቀንስልሃል።

ቤትህን ደግሞ አስብ። በ80 አምፔር ስትበይድ ማሽኑ ከመስመሩ ወደ 14 አምፔር ይስባል። ከሳሎን ሶኬት 25 ሜትር ገመድ ዘርግተህ፣ ገመዱ 1 ሚሊ ስኩዌር ከሆነ፣ በመንገድ ላይ ብቻ 12 ቮልት ይጠፋብሃል። በ2.5 ግን 5 ቮልት ብቻ ነው። ማታ መስመሩ ራሱ ወርዶ 195 ሲሆን ያቺ 12 ቮልት ናት ማሽኑን የምታጠፋው፤ ሰው ግን «ማሽኑ አይረባም» ብሎ ይመልሰዋል። ገመዱን ተጠቅልሎ እንዳለ አትጠቀምበት፣ ውስጥ ውስጡን ይግላል። ስፒናው ቢግል ሶኬቱ ልል ነውና ቀይረው።

አሁን ወደ ዋናው። የወለል ላሜራ 0.8 ሚሊ አካባቢ ነው፤ ዝገት ሲበላው ግማሽ ይሆናል። በኤሌክትሮድ ብትነካው ቀዳዳውን ታሰፋዋለህ እንጂ አትደፍነውም። ለዚህ ሚግ ነው የሚያዋጣህ። የእኔ ምርጫ ያለ ጋዝም በጋዝም የሚሠራ፣ የኤሌክትሮድ መያዣም ያለው ማሽን ነው። ያለ ጋዝ ብቻ የሚሠራው ግቢ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጥሩ ነው፤ ሽቦው ግን ሙቀቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ከ1.2 ሚሊ በታች ያስቸግራል። በጋዝ በ0.6 ሽቦ ከ30 እስከ 50 አምፔር ላሜራ ትይዛለህ። ሲሊንደሩን የት እንደምታስሞላ ግን ማሽኑን ሳትገዛ አጣራ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ዋልታው ላይ ነው። ጋዝ በማይፈልገው ሽቦ ቶርቹ (ሽቦው የሚወጣበት እጀታ) ኔጋቲቭ ላይ ይሰካል፤ በጋዝ በሚሠራው ፖዘቲቭ ላይ። ካርቶን ውስጥ የሚመጣው አሰካክ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ፍንጣሪው እንደ ዝናብ ከረጨብህና የብየዳው መስመር ላዩ ላይ ተከምሮ ከቀረ፣ መጀመሪያ እዚያ እይ።

ወለሉን ስትሠራ የተበላውን እስከ ንጹሕ ብረት ቁረጥ፤ ዝገት ላይ የተበየደ አይይዝም። ጥቁሩን ሬንጅ መሳይ ሽፋን ዙሪያውን 15 ሴንቲ ፋቅ፣ ምንጣፉን አውጣ። መጣፊያውን ላሜራ በ15 ሚሊ ደራርበህ፣ በየ3 ሴንቲው ነጥብ ነጥብ እያደረግህ፣ አንዱን ከግራ ቀጥሎ ከቀኝ። በእጅ እስኪነካ አቀዝቅዘህ መሃሉን ሙላ። አንድ መስመር ጎትተህ ልጨርስ ካልክ ላሜራው እንደ ቂጣ ይነፋል። ክፍተት ያለበት ቦታ ከሥሩ የተቀጠቀጠ የመዳብ ቱቦ ደግፍበት፤ መዳቡ አይጣበቅም፣ ሙቀቱን ግን ይወስዳል።

ከዚያ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ፤ የማሽኑን መቆንጠጫ ከምትበይድበት 20 ሴንቲ ሳይርቅ በተፋቀ ብረት ላይ እሰር። በሩ ላይ ብታስረው ጅረቱ በማጠፊያውና በሽቦዎች በኩል መንገድ ይፈልጋል። ጎንበስ ብለህ ሥሩን እይ፦ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦ በዚያ ያልፋል፣ ካልተነሱ አትጀምር። ላሜራውን ያጠብህበት የፍሬን ማጽጃ ክሎሪን ያለው ከሆነ ጨርሶ አትበይድ፤ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው።

ማርሚታው ቀላል ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ላሜራ ይወፍራል። ገንዘብህ ለሚግ ካልደረሰ ኢንቨርተሩን ግዛና በ2.0 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ ከ40 እስከ 55 አምፔር፣ አጭር አጭር እየመታህ ማርሚታውን ራስህ ሥራ፤ ወለሉን ሚግ ላለው ጋራዥ ስጥ። ዝገቱ የወንበሩን ወይም የቀበቶውን ብሎን ማሰሪያ ከነካ ግን ሚግም ቢኖርህ አንተ አትንካው። ባሌስትራና የመሪ ዘንግም እንዲሁ፣ በምንም ማሽን አይበየዱም።

ስትገዛ የሽቦ መጠቅለያው 1 ኪሎ ብቻ ይቀበል ወይስ 5 ኪሎም ጠይቅ፤ ባለ 5ቱ በኪሎ ይረክሳል። የቶርቹን ጫፍ አምስት ስድስት ይዘህ ውጣ፣ ጀማሪ በቀን ሁለቱን ያቀልጣል።