ሦስት ወር የሚፈጅ ስብሰባ

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የእህቴ ልጅ አሜሪካ ኮሌጅ ገብታ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ለገና ስደውልላት «አክስቴ፣ ኮንፈረንስ ጀምረናል፤ እስከ መጋቢት ድምፄ ቢጠፋ አትቀየሚኝ» አለችኝ። ሦስት ወር የሚፈጅ ምን ዓይነት ስብሰባ ነው ብዬ ዝም አልኩ። የካቲት ላይ «ዛሬ ተሸነፍን፣ ግን አሁንም አንደኛ ነን» ብላ ሳቀች። መጋቢት ላይ ደግሞ «አንደኛ ወጥተን ዋንጫውን ሌሎች ወሰዱት» ብላ አለቀሰች። አንደኛ የወጣ ዋንጫ የሚያጣበት ምን ዓይነት ውድድር ነው? ትምህርቷንስ መቼ ነው የምትማረው? ደሞዝስ አላት? ሒሳቡ አልገባኝም።
አክስት ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ እትዬ፣ ስብሰባ ነው ማለትዎ ስህተት አይደለም። ሲጀመር ስብሰባ ነበር። በፈረንጆች 1895 የሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንቶች ቺካጎ ላይ ተገናኝተው፣ የተማሪ ስፖርት ልጓም እንዴት እንደሚበጅለት ተመካከሩ። በዓመቱ የመምህራን ተወካዮች ጉባኤ ሆኖ ተቋቋመ። ያ ጉባኤ ዛሬ ቢግ ቴን ይባላል፤ ትልቁ አሥር እንደማለት ነው። አባላቱ ስንት ናቸው? 18። ይህን ለሒሳብ አስተማሪ መንገር እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ እኔ አልሰየምኩትም።

ተሰብሳቢዎቹ ሄዱ፣ ስሙ ቀረ። አሁን ኮንፈረንስ የሚባለው በየዓመቱ እርስ በርስ የሚጋጠሙ ኮሌጆች ማኅበር ነው። ሊግ ቢሉት ያስኬዳል። በትልቁ ደረጃ፣ አንደኛው ዲቪዚዮን በሚሉት ብቻ፣ ከ30 በላይ አሉ። ትንንሾቹ ኮሌጆችም የየራሳቸው አላቸው። ልጅቷ የት እንደምትማር ስላልጻፉልኝ፣ እኔ ከደጄ ያለውን ቢግ ቴንን ይዤ ላስረዳዎት።

ከደጄ የምለው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለምኖር ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች የሚጫወቱበት ኮሌጅ ፓርክ ከእኛ ሩቅ አይደለም። እኔ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ለክፍሌ ተጫውቻለሁ። ቀለበቱ መረብ የለውም፣ ሜዳው የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ነው፤ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ እስካሁን ምስክር ነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ዲሲ ውስጥ ለዓመታት ፓርኪንግ ሠራሁና ኳስ የሚባል ረሳሁ። መልሳ የጎተተችኝ ልጄ ናት። አሁን እሷ ቤት ስትቀር እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ።

ወደ ጥያቄዎ። ጨዋታው የሚጀመረው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። እስከ ፈረንጆች ገና ድረስ ያለው በአብዛኛው አሠልጣኙ መርጦ የያዘው ግጥሚያ ነው። አንዱ ደካማ ጠርቶ በ50 ነጥብ ያሸንፍና ደስ ይለዋል። ሌላው ኃይለኛ ፈልጎ ሄዶ ይቀጠቀጣል። ኮንፈረንሱ በደንብ የሚይዘው ከፈረንጆች አዲስ ዓመት ወዲህ ነው። ልጅቷ ለእኛ ገና የጠፋችብዎ ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚገጥሟት ሁሉ የሚያውቋት ናቸው። በግራ በኩል መግባት እንደምትወድ ያውቃሉ። ሲደክማት ኳስ እንደምትቸኩልበት ያውቃሉ። አሠልጣኞቹ ቪዲዮዋን ደጋግመው አይተዋል። እሷም የእነሱን አይታለች። አምና የረገጠቻትን ልጅ ዘንድሮም ታገኛታለች፣ ለከርሞም ታገኛታለች። የሰፈር ጠብ በሉት። ለዚህ ነው ጠንካራ ቡድን እንኳ ጥር ላይ ሳይታሰብ የሚወድቀው።

አሁን ሒሳቡን ለእርስዎ ልተወው። 18 ቡድን ካለ እያንዳንዱ 17 ተጋጣሚ አለው። በ2024 እና 2025 መካከል በነበረው ውድድር እያንዳንዱ የተጫወተው 18 የኮንፈረንስ ጨዋታ ነው። ስለዚህ 16ቱን አንድ አንድ ጊዜ፣ አንዱን ብቻ ሁለቴ ያገኛል። ሁለቴ የሚገናኙት ብዙ ጊዜ ጎረቤቶች ናቸው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያሉት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዩሲኤልኤ እና ዩኤስሲ፣ እንዲህ ሆነው ነው የተፋጩት። ሁለቱም በ2024 ነው ወደ ቢግ ቴን የገቡት። ከካሊፎርኒያ ተነስቶ ኒው ጀርሲ ድረስ ለሊግ ጨዋታ መብረር ምን ይሉታል? የሰዓቱ ልዩነት ብቻ ሦስት ነው። ያመጣው የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው፤ ያውም በአሜሪካ እግር ኳስ ምክንያት የመጣ ገንዘብ። ሴቶቹን ማንም የጠየቃቸው አይመስለኝም።

«ተሸነፍን፣ ግን አንደኛ ነን» ያለችዎን በዚያው ዓመት ላሳይዎት። ዩኤስሲ ጁጁ ዋትኪንስ የምትባል ልጅ ነበረችው። የገና ማግስት ኮሌጅ ፓርክ መጥተው የእኛን ቡድን 79 ለ 74 ሲረቱ ነበርኩ። ዶሮ ወጡ ገና ከሆዴ አልወረደም፤ ተናድጄ ወጣሁ። ከዚያ ጥር መጨረሻ ላይ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። አይዋ በዚያ ቀን የቀድሞ ኮከብ ተጫዋቹን የኬትሊን ክላርክን 22 ቁጥር ማሊያ ከጣሪያ ሰቅሎ ያከብር ነበር፤ ከዚህ በኋላ ማንም አይለብሰውም ማለት ነው። እንዲህ ባለ ድግስ ቀን እንግዳ ሆኖ መሄድ አይመከርም። 76 ለ 69 ተሸነፉ። ግን ያ በኮንፈረንሱ ብቸኛ ሽንፈታቸው ሆነ። 17 አሸንፈው፣ 1 ተሸንፈው አንደኛ ወጡ። እርስዎም ክፍል ውስጥ አንድ ፈተና ተበላሽቶበት በአማካይ አንደኛ የወጣ ተማሪ አይተው ያውቃሉ።

ዩሲኤልኤስ? እስከ የካቲት መጀመሪያ ድረስ ማንም አልነካቸውም፤ 23 ጨዋታ፣ 23 ድል። ከዚያ ከዩኤስሲ ጋር ተገናኙ። ጁጁ 38 ነጥብ አስቆጠረች። በላዩ ስምንት ኳስ ከአየር ላይ መለሰች፤ እሷ እኮ በቁመቷ የምትታወቅ አይደለችም። 71 ለ 60። የካቲት 22 ዩሲኤልኤ ሜዳ ላይ ደገሟቸው። ዩሲኤልኤ ዓመቱን ሙሉ በኮንፈረንሱ የተሸነፈው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም በጎረቤቱ።

አሁን ልጅቷን ያስለቀሳት ነገር መጣ። 18ቱ ጨዋታ ሲያልቅ አንደኛ የወጣው ዋንጫ ይሰጠዋል። በሳምንቱ ግን ሁሉም አንድ ከተማ ይሰበሰቡና ጥሎ ማለፍ ይጀመራል። (ሁሉም አልኩ እንጂ የዚያን ዓመት የመጨረሻዎቹ ሦስት አልተጋበዙም።) በአምስት ቀን ውስጥ ሌላ ዋንጫ፣ ሌላ ሻምፒዮን። ያን ዓመት ኢንዲያናፖሊስ ላይ ፍጻሜ የደረሱት እነማን ይመስልዎታል? እነዚያው ጎረቤቶች። በዚህ ጊዜ 72 ለ 67 ያሸነፈው ዩሲኤልኤ ነው። ሁለቴ የረታ በሦስተኛው ተረታ። ስለዚህ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ኮንፈረንስ፣ ሁለት ቡድን ሻምፒዮን ነኝ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

የእህትዎ ልጅም የገጠማት ይኸው ነው። የመጀመሪያው የዓመቱ አማካይ ውጤት ነው፣ ሁለተኛው ማትሪክ። ችግሩ ወደ አገር አቀፉ ውድድር በቀጥታ የሚያስገባው ማትሪኩ ነው። በትልቁ ደረጃ 68 ቡድን ይገባል። በ2025 ከእነዚህ 31ዱ የየኮንፈረንሳቸውን ጥሎ ማለፍ ያሸነፉ ናቸው፤ 37ቱን ኮሚቴ ይመርጣል። ከቢግ ቴን ያን ዓመት 12 ቡድን ስለገባ ለእነዚህ ሰዎች የጥሎ ማለፉ ዋንጫ የክብር ነገር ነው። ከትንሽ ኮንፈረንስ ለመጣ ግን ያ አንድ ሳምንት የሞት የሽረት ነው። ዓመቱን ሙሉ አንደኛ ሆኖ፣ አንድ ቀን ኳስ ቀለበት አልገባ ብሎት ቤቱ የሚቀር አለ። ልጅቷ ብታለቅስ አልፈርድባትም። እኔ ብሆን ስልክም አላነሳ።

እንዲያም ሆኖ የጥር ድል ከንቱ ነው ብለው እንዳያስቡ። የእኛው ሜሪላንድ በኮንፈረንሱ 13 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። ኢንዲያናፖሊስ ላይ ግን ገና በሩብ ፍጻሜ ሚሺጋን ሸኘው። እኔ አለቀልን ብዬ ነበር። ኮሚቴው ግን ያንን 13 ቆጠረው። ከመጀመሪያዎቹ 16 ቡድኖች መካከል አስቀመጠው። በሴቶቹ ውድድር ደግሞ እነዚያ 16 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በሜዳቸው ነው የሚጫወቱት። መጋቢት 15 አላባማ ወደ እኛ መጣ እንጂ እኛ ወደ አላባማ አልሄድንም።

ጾም ስለነበር ፖፕኮርኑ ቅቤ አለበት ብዬ ቆሎ በኮቴ ኪስ ይዤ ገባሁ። አላባማዎች ሳራ አሽሊ ባርከር የምትባል ልጅ አለቻቸው። እንዳትነካኝ ያለች ትመስላለች፤ ማንም አልነካትም። 45 ነጥብ! አርባ ደቂቃው አልቆ እኩል። ተጨማሪ ሰዓት፣ እኩል። ሁለተኛ ተጨማሪ ሰዓት። አጠገቤ የተቀመጡ ነጭ አሮጊት እጄን ይዘው ነበር፤ መቼ እንደያዙኝ አላውቅም። ሲያልቅ 111 ለ 108፣ የእኛ። ቆሎው ወለሉ ላይ ተበትኗል። ያ ጨዋታ አላባማ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እናሸንፍ ነበር ብሎ የሚምል አለ? እኔ አልምልም። በሚቀጥለው ዙር ደቡብ ካሮላይና 71 ለ 67 አሰናበተን።

እኛ አላባማን በረታንበት ቀን ሎስ አንጀለስ ላይ ዩኤስሲም አሸነፈ። ግን ገና በመጀመሪያው ሩብ ጁጁ ወድቃ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ባለ 17 ድሉ ቡድን ያለ እሷ ቀረ። ዩሲኤልኤ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ሄዶ በኮኔቲከት 85 ለ 51 ወደቀ።

ስለ ትምህርቷ። በትልቁ ደረጃ ሕጉ በውድድር ወራት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይለማመዱ ይከለክላል፤ በሳምንት አንድ ቀንም ማረፍ አለባቸው። ሲሰሙት መልካም ነው። ግን ጉዞው ከ20ው አይቆጠርም። አንድ ጨዋታም የፈለገውን ያህል ቢረዝም ሦስት ሰዓት ተብሎ ነው የሚመዘገበው። አውሮፕላን ውስጥ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሆቴል አልጋ ላይ ነው የሚያጠኑት። ዝም ብትልዎ ከንቀት እንዳይቆጥሩባት።

ገንዘቡ እንደ ኮሌጁ ነው። ሦስተኛው ዲቪዚዮን የሚባለው ውስጥ ከሆነች ለኳሷ ተብሎ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የለም፤ በፍቅር ነው የምትጫወተው። ትልቁ ደረጃ ላይ ከሆነች የትምህርት ክፍያዋ ሊሸፈን ይችላል። ከ2021 ወዲህ በስሟ ማስታወቂያ ሠርታ መቀበልም ተፈቅዷል። ከ2025 ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኮሌጁ ራሱ መክፈል ይችላል። የሚገርመኝ ሌላ ነው። በአገር አቀፉ ውድድር ቡድን በተጫወተ ቁጥር ለኮንፈረንሱ ገንዘብ ይገባል። ለወንዶቹ ለአሥርት ዓመታት ሲከፈል ኖሯል። ለሴቶቹ የተጀመረው በ2025 ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት በድምሩ 15 ሚሊዮን ዶላር። ከዚያ በፊት እነዚህ ልጆች ሲሮጡ ለኮንፈረንሳቸው በዚህ መንገድ የሚገባ አምስት ሳንቲም አልነበረም።

የኮሌጇን ስም ይላኩልኝ። የብዙዎቹ ጨዋታ በኢንተርኔት ስለሚተላለፍ በስልክ ማየት ይቻላል። ሰዓቱን ከአሁኑ ልንገርዎት፦ እኔ ባለሁበት በምሥራቁ በኩል ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በክረምታቸው ደሴ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 8 ሰዓት ይሆናል። ቡናውን ከማታው ያዘጋጁት፤ የማሊያዋን ቁጥርም አስቀድመው ይጠይቋት፣ በትንሽ ስክሪን ፊት አይለይም።